የመርከቡ ሰዓትና የእኛ ሰዓት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጉዞ

ጥያቄ፦ አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ሁላችንም የጅማ ልጆች። በየወሩ እያዋጣን ባጠራቀምነው ገንዘብ በመዝናኛ መርከብ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶችን ልንዞር አስበናል። ያየነው ጉዞ ዛንዚባርን፣ የማዳጋስካሯን ኖሲ ቤን፣ ሲሼልስን፣ ሬዩኒየንንና ሞሪሸስን ይነካል፤ በየወደቡ የሚቆመው ግን አንድ አንድ ቀን ነው። ወርደን በራሳችን መዞር እንችላለን ወይስ የመርከቡን አስጎብኚ መያዝ ይሻላል? ከመነሳታችን በፊትስ ምን እናሟላ?
(አምስቱ፣ ከሂርማታ)

መልስ፦ ከባሕሩ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። የመርከቡ ሠራተኞች ገና በመነሻው ወደብ፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን አገሮች ሁሉ የመግቢያ ፈቃድ ያያሉ። የአንዱ ከጎደለ ያ ሰው አይሳፈርም፤ የከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስለትም። ስለዚህ አምስታችሁም የወደቦቹን ዝርዝር በወረቀት ላይ አውርዳችሁ ከእያንዳንዱ ጎን የሚያስፈልገውን ጻፉ። ሲሼልስ ኢትዮጵያዊን ቪዛ አትጠይቅም፤ ሆኖም ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ አላት። ለዛንዚባር የታንዛኒያን ቪዛ ቀድሞ በኢንተርኔት ማመልከት ይሻላል። ደሴቲቱ ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የራሷን የጉዞ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአንድ ቀን ወራጅ እንዴት እንደሚሠራ የመርከቡን ወኪል ጠይቁ።

ብዙዎችን የምታሳስተው ሬዩኒየን ናት። የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ከሼንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ቀጠና) ውጭ ስለሆነች ተራ የሼንገን ቪዛ አያስገባም። ቪዛው ለሬዩኒየን እንደሚያገለግል በግልጽ የተጻፈበት መሆን አለበት። ጉዞው ከሞሪሸስ ተነስቶ ሞሪሸስ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ትገባላችሁና የአንድ ጊዜ መግቢያ ይበቃ እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባት ካርዱ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚበላሸው በአጻጻፍ ነው። የእናንተ፣ የአባትና የአያት ስም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳሰል። ቀኑም በእኛ ሳይሆን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ፤ በእኛ ከተጻፈ ተቆጣጣሪው የስምንት ዓመት ግድም ያረጀ ካርድ ያያል።

ወደ ጥያቄያችሁ ስንመጣ፣ ሁለቱን መቀላቀል ነው የሚያዋጣው። በመርከቡ በኩል በገዛችሁት ጉብኝት ላይ ሳላችሁ አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል ወይም ወደ ቀጣዩ ወደብ የማድረስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። በራሳችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ ይሄዳል፤ የአውሮፕላኑም የማደሪያውም ወጪ የእናንተ ነው። በእግር የሚደረስበትን ለብቻ፣ ሩቁን በመርከቡ ያዙ።

በሲሼልስ ማሄ ደሴት ላይ መርከቡ ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ይቆማል፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ገበያውንና የሰዓት ማማውን በእግር ታዩታላችሁ። ወደ ቦ ቫሎን የባሕር ዳርቻም የሕዝብ አውቶቡስ አለ። ከማሄ ወደ ፕራስላን ደሴት በፌሪ (በማመላለሻ ጀልባ) አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ላ ዲግ 15 ደቂቃ ገደማ ነው። መርከቡ ማሄ ላይ የሚያድር ከሆነ ሂዱ፣ ላ ዲግን በብስክሌት ዙሩ። የዚያኑ ዕለት ማታ የሚነሳ ከሆነ ግን ተዉት፤ አንድ ፌሪ ቢቀር ቀኑ አለቀ።

ኖሲ ቤ ላይ ትልልቅ መርከቦች መልሕቅ ጥለው መንገደኛውን በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱት። ተራ የሚያዘው በቁጥር ስለሆነ አምስታችሁም አብራችሁ ቁጥር ውሰዱ፣ አለበለዚያ ትከፋፈላላችሁ። ወደ ጀልባው ስትሻገሩ እጃችሁ ባዶ ይሁን፤ መርከበኛው "አሁን" ሲል ብቻ እርገጡ። ማዕበል ካለ ጀልባው ይቀርና ወደቡ ይዘለላል። በመርከቡ በኩል የገዛችሁት ጉብኝት ገንዘብ ይመለሳል፤ በግል ለሾፌር የከፈላችሁት ግን አይመለስም። እንዲህ ባለ ወደብ ቀብድ አለመክፈል ነው።

ሬዩኒየን ላይ መርከቡ የሚቆመው በሰሜን ምዕራብ ነው። እሳተ ገሞራው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ያለው በማዶ በኩል ስለሆነ በራሳችሁ አትሞክሩት። ይልቅ ቡና ጠጡበት። ደሴቷ ድሮ ቡርቦን ትባል ነበር፤ ከየመን ተወስዶ እዚያ የተተከለው የአረቢካ ዝርያ እስካሁን በዚያ ስም ይጠራል። የጅማ ሰው የገዛ ዘመዱን በዩሮ ገዝቶ ይቀምሳል ማለት ነው።

ዛንዚባር ላይ የስቶን ታውን (የድንጋይ ከተማው) ጠባብ መንገዶች ስልክንም ያሳስታሉ። ወደ ባሕሩ የሚያወርደውን አቅጣጫ ከያዛችሁ ግን አትጠፉም። ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ መሄድ ነው፤ ይህን ለጅማ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ፌስታል የተከለከለ ስለሆነ የጨርቅ ከረጢት ያዙ። በዛንዚባር፣ በሲሼልስና በሞሪሸስ መኪና በግራ ነው የሚነዳው፤ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።

ታክሲ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ለዩ፦ ዋጋው የመኪናው ነው ወይስ የነፍስ ወከፍ? ደርሶ መልስ ነው? በየትኛው ገንዘብ? የቤት መኪና አራት ሰው ስለሚይዝ ለአምስት ትልቅ መኪና ጠይቁ፤ ሒሳቡን ደግሞ ስትመለሱ ክፈሉ። መርከብ ላይ ስልካችሁን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ በባሕር ላይ የሚይዘው የሳተላይት መስመር ሒሳቡ ያስደነግጣል። ስለዚህ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታና ሰዓት በቃል ተስማሙ።

ሰዓት ካልን፣ የሐበሻ መንገደኛን ከሁሉ በላይ የሚጥለው ይኸው ነው። መርከቡ የሚጽፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። "17:30 ሁሉም ይሳፈር" ማለት በእኛ 11:30 ከሰዓት ነው። አደገኛው የጠዋቱ ነው፦ "8:00 መነሻ" የሚለውን ስምንት ሰዓት ብሎ ያነበበ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሄደውን ጉብኝት በስምንት ሰዓት ይፈልጋል። ዛንዚባር ላይ ነገሩ ይጠመዘዛል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ሾፌሩ "ሳአ ኩሚ" ካላችሁ አሥር ሰዓት ነው፣ መርከቡ ግን 16:00 ይለዋል። በዚህ ላይ ዛንዚባርና ኖሲ ቤ ከእኛ ጋር እኩል ሲሆኑ ሲሼልስ፣ ሬዩኒየንና ሞሪሸስ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። መርከቡ ሰዓቱን ሳይቀይር ሊቆይ ይችላል፣ ስልካችሁ ግን ራሱን ይቀይራል። አንዳችሁ የእጅ ሰዓት ይሰር፤ በመርከቡ ሰዓት ይሞላ፣ ሌላ ሰው አይንካው። የመሳፈሪያው ሰዓት ከመነሻው 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚቀድም፣ ከእሱም አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ ላይ ተገኙ።

ጥያቄ፦ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር በመርከብ ልትሄድ ነው። ጾመኛ ናት፤ አንዷ ጓደኛዋ ደግሞ ሐላል ካልሆነ አትበላም። መርከብ ላይ ምን ይበላሉ?
(እናት፣ ከመንደራ)

መልስ፦ አይራቡም፣ ግን ቀድመው ይናገሩ። ልጅዎ "ቬጀቴሪያን" ብላ ከጠየቀች እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ምግብ ይቀርብላታል። ለጾም የሚሆነው "ቪጋን" የሚባለው ነው፤ ሾርባው በሥጋ መረቅ እንዳልተሠራም ትጠይቅ። የጓደኛዋ ሐላል ደግሞ ቲኬት ሲቆረጥ በጽሑፍ መመዝገብ አለበት። ከተሳፈሩ በኋላ ቢጠየቅ ያልተጫነ ሥጋ ከየት ይመጣል? ሁሉም ለራሱ የሚያነሳበት ቡፌ ላይ ማንኪያው ከሳህን ሳህን ስለሚዘዋወር ሁለቱም ተቀምጠው የሚታዘዙበት አዳራሽ ቢመገቡ ይሻላቸዋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ያስመልሰኛል ብዬ እፈራለሁ። የትኛው ወር ይሻላል?
(ከአጋሮ)

መልስ፦ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደግሞ በማዳጋስካር፣ በሬዩኒየንና በሞሪሸስ በኩል የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ለምድር ወገብ የቀረበችው ሲሼልስ አብዛኛውን ጊዜ ታመልጣለች። ብዙዎቹ መርከቦች የሚመጡት በዚሁ ወቅት ስለሆነ ወሩን ከምትመርጥ ክፍሉን ምረጥ፦ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ከመርከቡ ወገብ ላይ። መስኮት የሌለው ቢሆንም ግድ የለም፣ እንዲያውም ይረክሳል። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚዋጠው ከመነሳት አንድ ሰዓት ያህል በፊት ነው፤ ማስመለስ ከጀመረህ ሆድህ ውስጥ አይቆይም። እንቅልፍ ያመጣል፣ ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ለፋርማሲው ንገር።

ጥያቄ፦ ከሲሼልስ ያንን ትልቁን የባሕር ኮኮናት ለማስታወሻ ማምጣት ይቻላል?
(ከጅሬን)

መልስ፦ በፈቃድ ብቻ። በፕራስላን ቫሌ ደ ሜ ደን የሚበቅለው ኮኮ ደ ሜር በዓለም ትልቁን ዘር የሚሰጥ ተክል ነው። ሕጋዊው ፍሬ ከማረጋገጫ ወረቀቱ ጋር ይሸጣል፤ ወረቀት የሌለው ሲወጡ ይወረሳል። ክብደቱ ብዙ ኪሎ ስለሆነ የአውሮፕላን ሻንጣዎን መጠን አስቀድመው ያስቡ። ከባሕር ዳር የለቀሙትን ዛጎልና ኮራል ደግሞ እዚያው ይተዉት።