ዘር ጨምሬ ምርቱ ለምን አልጨመረም?

ጥያቄ፦ አምና በሄክታር 125 ኪሎ ስንዴ ዘራሁ። ዘንድሮ 180 ኪሎ አደረግሁት። አበቃቀሉ ጥቅጥቅ ያለ ነበር፤ ዛላው ግን አጠረ፣ ምርቱም ከአምናው አልበለጠም። ችግሩ ዘሩ ነው?

መልስ፦ ዘሩን አይጠርጥሩት። የስንዴ ምርት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ በካሬ ሜትር ያለው ዛላ፣ በአንድ ዛላ ላይ ያለው ፍሬ፣ የፍሬው ክብደት። ለምሳሌ በካሬ ሜትር 400 ዛላ፣ በዛላ 30 ፍሬ ቢኖርና 1000 ፍሬ 40 ግራም ቢመዝን በሄክታር 48 ኩንታል ይሆናል። ዛላው 550 ደርሶ ፍሬው ወደ 23፣ የ1000 ፍሬ ክብደት ወደ 37 ግራም ቢወርድ ደግሞ 47 ኩንታል ገደማ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ወረደ ማለት ነው።

ዘር ስለበዛ መሬቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ውሃውና ናይትሮጅኑ አይበዛም፤ ተካፋዩ ሲበዛ ድርሻው ያንሳል። ራቅ ራቅ ብሎ የበቀለ ስንዴ ከሥሩ የጎን አገዳ እያወጣ ባዶውን ይሞላል። የተጨናነቀው ግን ካወጣቸው አገዳዎች ብዙዎቹን ዛላ ሳይዙ ያጣል፣ የቀሩትም ስለሚቀጥኑ በቀላሉ ይጋሸባሉ። ውስጡ እርጥበት ስለሚይዝም ለበሽታ ይመቻል። ፍሬ የበዛበት ዛፍ ፍሬው ትንንሽ መሆኑ፣ መንታ የተወለዱ ግልገሎች ክብደታቸው ማነሱም ከዚሁ የመጣ ነው።

ይህ ማካካስ ወደፊት ብቻ እንደሚሄድ ልብ ይበሉ። በመጀመሪያ የአገዳው ብዛት ይወሰናል፤ ቀጥሎ ዛላ ከመውጣቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ እስከ አበባ ድረስ የፍሬው ብዛት፤ በመጨረሻ ከአበባ በኋላ ክብደቱ። ቡቃያው ቢሳሳ የጎን አገዳና የዛላው ፍሬ ሊያካክሱት ይችላሉ። ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ዋግ ከዛላው ሥር ያለውን የመጨረሻ ቅጠል ቢበላው ግን ከዚያ በኋላ የሚያካክስ የለም። ስለዚህ ገንዘብዎን ዘር ላይ ሳይሆን ያንን ቅጠል መጠበቅ ላይ ቢያውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

የዘር መጠኑን እንዲህ ያስሉት፦ በካሬ ሜትር የሚፈልጉትን የተክል ብዛት በ1000 ፍሬ ክብደት ያባዙ፣ ከ100ው ስንት በቅሎ እንደሚጸና ለሚያሳየው ቁጥር ያካፍሉ። 250 ተክል፣ 40 ግራምና 80 በመቶ ሲሆን 250 × 40 ÷ 80 = 125 ኪሎ በሄክታር ነው። አምና የዘሩት ልክ ይህን ያህል ነበር። ዘር መጨመር የሚያዋጣው የመዝሪያ ጊዜው ሲዘገይ ነው፤ ያኔ ተክሉ የጎን አገዳ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም።

ዩሪያውን (የናይትሮጅን ማዳበሪያውን) ሁሉ በዘር ጊዜ አይስጡት፤ አገዳውን ያበዛና ፍሬው በሚወሰንበት ሰዓት ይጎድላል። አንድ ሦስተኛውን ሲዘሩ፣ ቀሪውን ማቆጥቆጡ (የጎን አገዳ ማውጣቱ) አብቅቶ አገዳው መርዘም ሲጀምር፣ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ይስጡ። ካበበ በኋላ የሚሰጥ ናይትሮጅን ከምርቱ ይልቅ የፍሬውን ፕሮቲን ነው የሚያሳድገው።

ለመጪው ወቅት በአንድ ማሳ ላይ በሄክታር 100፣ 125 እና 150 ኪሎ ሂሳብ ሦስት መደቦች ይዝሩ፤ ማዳበሪያውና አረሙ አንድ ዓይነት ይሁን። ከመታጨዱ በፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ሠርተው በየመደቡ አምስት ቦታ ዛላ ይቁጠሩና አማካዩን በ4 ያባዙ፤ ከ20 ዛላም ፍሬውን ይቁጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው ወቅተው ይመዝኑ።