ታርጋ ያለው ሞተር ከአስፋልት ሲወጣ ኢንሹራንሱ አብሮት ይወጣል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቻለሁ። ሞተርህ ኮድ 2 (የግል) ታርጋ አለው፤ የሦስተኛ ወገን መድን ገብተህለታል። ቅዳሜና እሁድ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በዘጌ፣ በጢስ ዓባይና በጉማራ በኩል ከመንገድ ወጣ ብለህ መንዳት አምሮሃል። «ብወድቅ ኢንሹራንሱ ይከፍለኛል ወይስ ሌላ መግባት አለብኝ?» ነው ያልከው። ብዙው ሰው «አይከፍሉህም፣ ብርህን አታባክን» ብሎ መልሶልሃል። መልሱ እንደዚያ አጭር አይደለም። እኔ በዚሁ አካባቢ ሞተር ስነዳ ኖሬያለሁ፣ ክሌም (የካሳ ጥያቄ) አስገብቼም ተከራክሬያለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ አሁን በእጅህ ያለውን እንለየው። ሦስተኛ ወገን የአንተን ሞተር አይጠግንም። ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ብትወድቅም አይጠግንም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ይህን መድን ግዴታ ያደረገው ሞተርህ ሌላ ሰው ላይ ወይም የሌላ ሰው ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የሚከፈለውም ጣሪያ አለው። ስለዚህ ለሞተርህ ጥገና ከሆነ የጠየቅከው፣ አስፋልትም ሆነ የከብት መንገድ ልዩነት የለውም።

ግን የሦስተኛ ወገኑን ነገር እንዲህ ብለህ እንዳታልፈው። እኔን ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም። ከአስፋልት ስትወጣ ይህ ኃላፊነት አብሮህ ይወጣል። ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ እረኛው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የሞተር ድምፅ ያስደነገጠው በሬ ወዴት እንደሚሮጥ አታውቅም። በሬ ደግሞ ለገበሬው ሀብቱ ነው፤ ዋጋውን አንተም ታውቀዋለህ።

እዚህ ጋ የእኛ አገር ወግና የኢንሹራንስ ውል ይጋጫሉ። አደጋ ሲደርስ ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይህን ያህል እክፈል» ብለህ ፈርመህ በሰላም ትሄዳለህ። እውነቱን ለመናገር ሽምግልናው ጥሩ ነው፤ ቂም አያስቀርም። ውልህን ገልጠህ ብታየው ግን «ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋት አትመን፣ ካሳም ቃል አትግባ» የሚል አንቀጽ ታገኛለህ። ከፈረምክ በኋላ ቢሯቸው ብትሄድ «እኛን ሳትጠይቅ ምን አስማማህ?» ይሉሃል። የእኔ ምክር ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ በል፣ አክብራቸው፣ የተጎዳ ሰው ካለ ማሳከሚያውን ከኪስህ አውጣ። ግን የገንዘብ መጠን ያለበት ወረቀት ላይ ከመፈረምህ በፊት እዚያው ሆነህ ለቅርንጫፉ ደውል። «ኢንሹራንሴ ይምጣና አብረን እንጨርስ» ስትላቸው አብዛኛው ሽማግሌ ይገባዋል።

አሁን ወደ ሙሉ መድኑ፣ ኮምፕረሄንሲቭ ወደሚሉት እንምጣ። ሞተርህን የሚጠግነው እሱ ነው። ሁሉም የሚጠይቀው «ከመንገድ ውጭ ይሸፍናል?» እያለ ነው። አንተ ግን ውሉ ላይ የአጠቃቀም ገደብ የሚለውን ክፍል ፈልግ። «ለግልና ለመዝናኛ አገልግሎት» ይላል? «ለሥራ መመላለሻ» ብቻ ይላል? ውድድር፣ የፍጥነት ሙከራና የመሳሰለው ከሽፋን ውጭ የሚሆነው በተለመደው ውል ነው። ሁለት ጓደኛሞች ዳገት ላይ ማን ይቀድማል ብለው ከተያያዙ ያው ውድድር ነው። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ከለቀቅከው ደግሞ ማስረጃውን ራስህ ሰጠሃቸው ማለት ነው።

ስለዚህ ለመድን ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍ። «ሞተሬን አልፎ አልፎ በጠጠር፣ በገጠርና ባልተሠሩ መንገዶች ለመዝናናት እነዳለሁ፤ ለውድድር አልጠቀምበትም» በል። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፣ ከውሉ ጋር የሚያያዝ ኢንዶርስመንት (የውል ተጨማሪ ወረቀት) ቢሰጡህ ደግሞ የበለጠ ነው። አረቦን (የመድን ክፍያ) ጨምር ካሉህ ጨምር። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ «ችግር የለውም፣ ይሸፍናል» ብትልህ አመስግናትና እሱኑ ጽፋ ማኅተም እንድታደርግልህ ጠይቃት። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የመድን ክፍል ስትዋዋል እውነቱን እንድትናገር፣ በኋላም አደጋውን የሚያብስ ለውጥ ሲመጣ እንድታሳውቅ ያስገድድሃል። ዝም ካልክ ክርክሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የእኔ ክሌም ላይ ያከራከረን ማስረጃ ነበር። በጉማራ በኩል የከብት መንገድ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። የክላች እጀታው ተሰበረ። የኢንጅኑ የጎን ክዳን ድንጋይ መትቶት ተሰነጠቀና ዘይቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ኢንሹራንሱ በደብዳቤ የተነገረው ስለነበር ስለ ቦታው ምንም አላለም። ግን «የትራፊክ ፕላን አምጣ» አለ፤ ትራፊክ ፖሊስ ቦታው ላይ የሚያነሣው የአደጋ ንድፍ ማለት ነው። እዚያ የከብት መንገድ ላይ ማን ትራፊክ ይመጣል? ሞተሩንም በሰው ሸክም አንሥተን ወደ ዋናው መንገድ አውጥተነዋል፤ «ከቦታው ለምን ተነሣ?» ተባለ። ያዳነኝ ስልኬ ነው። ሳላነሣው በፊት ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ ታርጋው፣ የተሰነጠቀው ክዳን፣ ዘይቱ ያረፈበት ድንጋይ፣ በሩቁ ደግሞ የአካባቢው ቤቶች ይታያሉ። በዚያው ቀን ከቀበሌው ደብዳቤ አጻፍኩ፣ እሱን ይዤ ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። ካንገራገሩ በኋላ ከፈሉ። ኤክሰሱን፣ ማለት ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመውን ድርሻ፣ ከክፍያው ላይ ቀነሱ፤ ጎማውን አልተኩም። ጎማ ለብቻው ሲጎዳ ሽፋን የለውም፤ እሱ ውሉ ላይም አለ።

አደጋና ብልሽት ደግሞ እንዳይምታታብህ። በክረምት ዋልካ ውስጥ ከገባህ ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቃል። ጎማው መዞር ያቆማል። አንተ ጋዝ ትሰጣለህ፣ የተቃጠለ ክላች ይሸትሃል። ወርደህ በእንጨት እየፈለፈልክ ታወጣዋለህ፣ አሥር ሜትር ሄደህ ያው ነው። ያ ክላች፣ ያ የላላ ካቴና የአንተ ወጪ ነው። ወንዝ ስትሻገር ኢንጅኑ ውሃ ከጠጣም ያጨቃጭቃል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካውን ተወውና በደረቁ ወር ሂድ የምለው ለዚህ ነው።

ሞተሩን ለገጠር ብለህ ስትለውጠውም አስብበት። ጥርስ ያለው ጎማ ብታስገባ ንገራቸው። ስፖኪዮና ፍሬቻ ፈትቶ፣ ታርጋ ደብቆ፣ ማርሚታ ቀይሮ የሚሄደውን ግን አልገባኝም። ለቦሎ ምርመራ መልሶ መግጠሙ አይቀርም፤ አደጋ ቢደርስበት ደግሞ ለመከልከያ ሰበብ አቀበላቸው። ለጓደኛህ ስታውሰውም የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ እንዳለው እይ። የመኪና ስላለው ብቻ አትስጠው።

ሞተሩን ያስመዘገብክበት ዋጋ ነገርም ብዙ ሰው ይጎዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሞተርም የመለዋወጫም ዋጋ ሌላ ሆኗል። በድሮው ዋጋ እያደስክ ከሆነ ጉዳትህ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ለምሳሌ ሞተሩ ዛሬ 200,000 ብር ያወጣል እንበል። አንተ ያስመዘገብከው 100,000 ነው። የ40,000 ብር ጉዳት ቢደርስ የሚታሰብልህ 20,000 ነው፤ ከዚያም ኤክሰስ ይነሣል።

የጊዜውን ሁኔታ ታውቀዋለህ። ጦርነት፣ ብጥብጥና ሽብር በመደበኛው ውል አይሸፈንም። የፖለቲካ ብጥብጥና የሽፍታ አደጋ በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ነገር ነው፤ ለይተህ ጠይቅ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳታጣራና ለሞተር የወጣ ክልከላ መኖሩን ሳታውቅ ደግሞ አትነሣ።

የዘጌውን በተመለከተ፣ እስከ አፋፍ ድረስ በየብስ ሂድ። ከዚያ ሞተሩን ቆልፈህ ለሚጠብቅ ሰው ስጥና ወደ ገዳማቱ በእግርህ ግባ። በሬ እንኳ በማይጠመድበት ጫካ ውስጥ ሞተር ማስጮህ ነውር ነው። ኢንሹራንስ የማይገባበት ጉዳይ ነው ይሄ።

አሁን የእኔን ሐሳብ ከጠየቅከኝ፣ ሞተርህ አዲስ ከሆነ ኮምፕረሄንሲቭ ግባለት። የቆየ ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ ከሆነ ግን ለእሱ አረቦን ከምትከፍል ለራስህ የግል አደጋ መድን ግባ። ጉልበትህ ቢሰበር ሥራ ፈትተህ የምትቀመጠው አንተ ነህ። ግን ተጠንቀቅ፤ የግል አደጋ ውል ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይክል መንዳትን ከሽፋን ያወጣል። «ሞተር ሳይክል ይጨመርልኝ» ብለህ በጽሑፍ ካላስገባህ ባዶ ወረቀት ነው የያዝከው።

ሰኞ ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ስትሄድ ሊብሬውን፣ መንጃ ፈቃድህን፣ የሦስተኛ ወገኑን ውልና የሞተሩን የአራት አቅጣጫ ፎቶ ያዝ። አንድ ድርጅት ጋ ብቻ አትቁም፤ ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ዞረህ ያው ደብዳቤህን ለሁሉም ስጥ። የጻፉልህን መልስ እዚህ ብትለጥፈው እኔም አየዋለሁ።