ጥያቄና መልስ፦ በግድያ ስለተጠረጠረ ሰው «እሱ ነው» ማለት ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስሜ ይቆይ። አንዲት ሴት ተገድላ ባሏ ተጠርጥሮ ታስሯል። ሁለቱንም አላውቃቸውም። ወሬው ግን የማይደርስበት የለም። ልብሱ ላይ ደም ተገኘ ይላሉ። በዚያ ሰዓት ስልኩ ዝግ ነበር ይላሉ። ቀብሯ ላይ እንባ ጠብ አላለውም ይባላል። እኔም ከጓደኞቼ ጋር አንዱን ካንዱ ሳገጣጥም ቆይቼ «እሱ ነው፣ ጥርጥር የለውም» ብያለሁ። ማታ ልጸልይ ስቆም ግን ከበደኝ። አንዷ ጓደኛዬ «ለሟች ፍትሕ መጠየቅ ምኑ ነው ኃጢአቱ? ኃጢአትስ ዝም ማለት ነው» ትላለች። እውነት በድያለሁ? ኋላ ራሱ ሆኖ ቢገኝስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጸሎት ላይ ከበደኝ ማለትሽን ወድጄዋለሁ። ባይከብድሽ ነበር የምፈራልሽ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ በዚያ አልዘጋውም። ይህን የተናገረው ጌታ ራሱ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል (ዮሐ. 7፥24)። የሰው ደም ፈስሶ ማንም አይጠየቅ የሚል መጽሐፍ የለንም። የአቤል ደም ከምድር ጮኋል፣ እግዚአብሔርም ሰምቶታል። ስለዚህ ጓደኛሽ ለሟቿ መቆርቆሯ ልክ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ከነገርሽኝ ሁሉ አንቺ የምታውቂው የቱን ነው?

ደም ያለበት ልብስ ሲባል እኔ ትዝ የሚለኝ ያዕቆብ ነው። ዘፍጥረት 37ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። የዮሴፍ ወንድሞች ፍየል አረዱ፣ ቀሚሱን በደሙ ነከሩት፣ ለአባታቸው ላኩለት። ምን ብለው? «ሞቷል» አላሉም። «አውሬ በላው» እንኳ አላሉም። ይህን አገኘን፣ የልጅህ ቀሚስ መሆን አለመሆኑን እስኪ እየው ነው ያሉት። የቀረውን የሞላው ያዕቆብ ራሱ ነው። «ክፉ አውሬ በልቶታል» አለ። ቀሚሱ የልጁ ነው፣ አልተሳሳተም። ደሙም እውነተኛ ደም ነው። ልጁ ግን በሕይወት ነበረ። ለነጋዴዎች ተሸጦ ወደ ግብፅ እየሄደ ነበር። ውሸቱ የገባው ያዕቆብ ልብሱን ባየበትና «በልቶታል» ባለበት መካከል ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ።

ዮሴፍን ልብሱ ሁለተኛም ጉድ ሠርቶታል። በጲጥፋራ ቤት ልብሱ በጌታው ሚስት እጅ ላይ ቀረ። ልብሱ የእሱ ነው? አዎ። ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ነበር? አዎ። ሮጦ ወጥቷል? አዎ። ሦስቱም እውነት ነው፣ እሱ ግን ያለ በደሉ ወኅኒ ወረደ። ሦስተኛውን ደግሞ ራሱ ዮሴፍ አደረገው። የብር ጽዋው በብንያም ዓይበት ውስጥ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይመጣል? ይሁዳ እንኳ መከራከር አቅቶት «እግዚአብሔር የባሪያዎችህን ኃጢአት ገለጠ» አለ። ጽዋውን ያስገባው ግን የዮሴፍ የቤት አዛዥ ነበር፣ በጌታው ትእዛዝ። ብንያም ምንም አያውቅም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንመለስ። ባል ሚስቱን ወድቃ ቢያገኛት መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያነሣታል፣ ያቅፋታል። ደሟ ይነካዋል። ራሱ ገድሏትም ከሆነ ይነካዋል። ደሙ የማን ነው? ተረጭቶ የመጣ ነው ወይስ በመነካካት? መቼ ነው የነካው? ይህን የሚለይ ባለሙያ አለ፣ ላቦራቶሪ አለ። «ልብሱ ላይ ደም ተገኘ» የምትለው ወሬ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትውጠዋለች። ስልኩም እንደዚያው ነው። ባትሪው ያለቀበት ስልክም ዝግ ነው።

እንባውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ብዙ ሰው የሚፈርደው በእሱ ነውና። እዚያው ዘፍጥረት 37 ላይ፣ ያዕቆብ ማቅ ለብሶ ሲያለቅስ «ወንዶች ልጆቹና ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ» ይላል። ልብ በይ። ልጁን የሸጡበት ሰዎች ናቸው አጠገቡ ተቀምጠው «አይዞህ አባታችን» የሚሉት። በዚያ ለቅሶ ቤት ተገኝተሽ ፊታቸውን ብታዪ ማንን ትጠረጥሪ ነበር? ሐናንም አስቢ። ቤተ መቅደስ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅዋ ግን ሲጠፋበት፣ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እያለቀሰች የምትጸልይን ሴት! ዕድሜ ልኩን ሰው ሲጸልይ ያየ ሊቀ ካህናት ነው እንዲህ የተሳሳተው። ሐዘን አንዱን ያስጮኸዋል፣ አንዱን ድንጋይ ያደርገዋል።

እኔም ከዔሊ አልሻልኩም። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ገንዘብ ከነፖስታው ጠፋ። ሁላችንም ተሰብስበን ስንነጋገር አንድ ልጅ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ከስብሰባው ስንወጣ ለሁለት ሰዎች «አላያችሁትም እንዴ ሲያልበው?» አልኩ። ይቺን ብቻ ናት ያልኩት። ስም አልጠራሁም፣ ሌባ አላልኩም። ከሳምንት በኋላ ፖስታው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ የድሮ መዝገብ ገጾች መካከል ተገኘ። ልጁ ያን ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር። ይህን የሰማሁት ግን ወሬው ዞሮ እሱ ጆሮ ከደረሰና መምጣት ካቆመ በኋላ ነው። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እሺ» አለኝ። ተመልሶ ግን አልመጣም።

ወደ ሌላ ቦታ ልውሰድሽ። የሐዋርያት ሥራ 28። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ ተሰብሮ 276 ሰው መላጥያ ደሴት ላይ ወጣ። ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች እሳት አነደዱላቸው። ጳውሎስ ጭራሮ ሰብስቦ እሳቱ ላይ ሲጨምር ከሙቀቱ የተነሣ እፉኝት ወጥታ እጁን ነደፈችው። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና «ይህ ሰው በእርግጥ ነፍሰ ገዳይ ነው» አሉ። «በእርግጥ» የምትለዋን ቃል ያዢልኝ። ስሙን እንኳ አያውቁም። ከየት እንደመጣ አያውቁም። የተገደለ ሰው አልተገኘም። አንድ ነገር አዩ፣ ታሪኩን ራሳቸው ጻፉለት። ያብጣል ብለው ጠበቁ። ሳያብጥ ሲቀር ደግሞ «አምላክ ነው» አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም እኮ። የማያውቁትን እንግዳ ብርድ እንዳይመታው እሳት ያነደዱ ደጎች ናቸው።

በእኛ ዘመን ደግሞ በተቃራኒው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ጊዜ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የተጣለ ቦርሳ አይቶ ለፖሊስ ጠቆመ፣ ሰውም ከአካባቢው እንዲርቅ ረዳ። ቦምብ ነበር፣ ፈነዳ። በመጀመሪያ ጀግና ተባለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስሙ በተጠርጣሪነት ወጣ። ከዚያ በኋላማ ሁሉ ነገሩ ማስረጃ ሆነ። አነጋገሩ፣ አኗኗሩ፣ ቦርሳውን ቀድሞ ማየቱ ራሱ። 88 ቀን በዚያ ጥርጣሬ ሥር ቆይቶ ዐቃቤ ሕግ እንደማይፈልገው በደብዳቤ አሳወቀው። አንድም ቀን ክስ አልተመሠረተበትም። ቦምቡን ያጠመደው ሌላ ሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ጥፋቱን አመነ።

አሁን የጓደኛሽን ነገር እናንሣ። «ኃጢአትስ ዝም ማለት ነው» ትላለች። ጥቅሱንም ልስጣት፦ ዘሌዋውያን 5፥1። ምስክር ሆኖ ሳይናገር የሚቀር ሰው ኃጢአቱን ይሸከማል። ግን ማን ነው የሚሸከመው? ያየ ወይም ያወቀ። ያን ሌሊት ጩኸት የሰማ ጎረቤት ዝም ቢል በደለኛ ነው። አንቺስ ምን ሰምተሽ? ወሬ። የወሬ ምስክር ደግሞ ሕጉ አያውቅም። «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ይላል (ዘጸ. 23፥1)። አትናገር አይደለም ያለው፣ አትቀበል ነው። ጆሮም ይጠየቃል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ግምታችን ተጠርጣሪውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፣ ሟቿንም ይጎዳል። የሶስናን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ሁለት ሽማግሌዎች ከአንድ ጎልማሳ ጋር አመነዘረች ብለው በሐሰት መሰከሩባት፣ ሕዝቡም አምኗቸው ሊገድላት ወሰዳት። ሽማግሌዎች ናቸው፣ ፈራጆች ናቸው፣ ቃላቸውም አንድ ነው። ዳንኤል ምን አደረገ? አንዱን ከሌላው አራርቁልኝ አለ። ከዚያ ለየብቻ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። አለቀ። መርማሪዎች ዛሬም ምስክሮችን ለየብቻ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። እንግዲህ እኛ በየቤቱ፣ በየሥራ ቦታው «መኪናው ነጭ ነበር አሉ፣ ሰዓቱ ይህ ነበር አሉ» እያልን ስናወራ የዳንኤልን ሥራ እያፈረስን ነው። ሐሰተኛው ምስክር ዛፉን ከእኛ ይማራል። እውነተኛው ምስክር ደግሞ ያየውና የሰማው ይደባለቅበታል። የመኪናውን ቀለም ሳያይ፣ ደጋግሞ ስለሰማው ብቻ፣ ያየ ይመስለዋል። ችሎት ፊት ቆሞ ሲጠየቅ ይወላገዳል። ያኔ ገዳዩ እጃችን ላይ እያለ ሊያመልጥ ይችላል። ታዲያ ለሟቿ ቆመናል እንበል?

ዜናውን መከታተል ይቻላል ወይ ካልሽኝ፣ ይቻላል። ችሎት በግልጽ የሚካሄደው ሰው እንዲሰማ ነው። ብቻ ዐቃቤ ሕጉን ሰምተሽ ጠበቃውን ሳትሰሚ አትነሺ። ምሳሌ 18፥17 ወደ ፍርድ አስቀድሞ የገባ ጻድቅ ይመስላል ይላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ። በእውነት ያየሽው ነገር ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ለፖሊስ ሄደሽ ተናገሪ። ያየሽውን ብቻ፣ ሳትጨምሪ።

«ኋላ ራሱ ሆኖ ቢገኝስ?» ላልሽው፦ ዓይኑን ጨፍኖ የተኮሰ ሰው ዒላማውን ቢመታ ተኳሽ አይባልም። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ቢለው እንኳ አንቺ «ጥርጥር የለውም» ባልሽበት ቀን ጥርጥር ነበረብሽ። የማታውቂውን አውቃለሁ ብለሻል። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የሰውዬው መፈረድ ወይም መፈታት ያን ቃል አይለውጠውም። እግዚአብሔር እንኳ፣ ሁሉን የሚያውቀው፣ የሰዶም ጩኸት ሲደርሰው «ወርጄ አያለሁ» ነው ያለው (ዘፍ. 18፥21)። ቃየልንም መጀመሪያ ጠየቀው።

ይህን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ትልቅ ኃጢአት ሠራሁ ብለሽ አትደንግጪ፣ ግን ትንሽ ነው ብለሽም አትተዪው። ስትጸልዪ ለሟቿ ነፍስ ዕረፍትን ለምኚ፣ ለቤተሰቧ መጽናናትን፣ ለዳኞቹ ማስተዋልን። ለሰውዬውም ጸልዪ። «ንጹሕ ከሆነ አውጣው፣ በድሎ ከሆነ ለንስሐ አብቃው» ብትዪ ይበቃል።

አንድ ነገር ይቀራል። «እሱ ነው» ያልሻቸው ጓደኞችሽ ዘንድ ተመለሺ። ዘዳግም 21 ላይ ሜዳ ላይ ተገድሎ የተገኘ፣ ገዳዩም ያልታወቀ ሰው ሲኖር ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። ሽማግሌዎቹ ከሬሳው እስከ ከተሞቹ ያለውን ርቀት ይለካሉ። የቅርቢቱ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ይታጠባሉ። እገሌ ሳይሆን አይቀርም አይሉም። «እጃችን ይህን ደም አላፈሰሰችም፣ ዓይናችንም አላየችም» ይላሉ። እንግዲህ መጀመሪያ የእንባውን ወሬ ወደነገርሻት ደውዪ። «ያን ቀን ያልኩሽን ታስታውሺያለሽ? ዓይኔ አላየችም» በያት።