ሌሊት ማን አብሯቸው ያድራል?

«የ15 ዓመት ልጄን ገጠር ወዳለ ትንሽ የአድቬንቲስት አዳሪ ትምህርት ቤት ልልካት አስቤአለሁ፤ እኛ ግን ኦርቶዶክስ ነን። ትቸገር ይሆን?» ብለው ለጠየቁት እናት፦

እህቴ፣ እኔም የኦርቶዶክስ ልጅ ሆኜ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ሁላችንም ተደምረን 200 አንሞላም ነበር።

እምነቱ የፈሩትን ያህል አይከብዳትም። አድቬንቲስቶች ሰንበት ብለው የሚያከብሩት ቅዳሜን ነው፤ ቅዳሜን ማክበር ደግሞ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ወስኗል። ለውጡ የሚሰማት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰንበታቸው የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልብስ ታጥቦ፣ በከሰል ካውያ ተተኩሶ፣ ጫማ ተወልውሎ ማለቅ አለበት። ካውያው ሁለት ብቻ ስለነበር ለወረፋ እንሯሯጥ ነበር። ደወሉ ሲደወል ግን ግቢው በአንድ ጊዜ እርጭ ይላል፤ ከዚያ መዝሙር ይጀመራል። ያ ሰዓት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል። አድቬንቲስቶች ቡና መጠጣትን ስለማይደግፉ ግን ቡና አታገኝም። በሁዳዴ ወጡ ሽሮና ምስር ስለነበር አልተቸገርኩም፤ ከእርሻው ሥራ ጋር እስከ ቀትር መጾም ግን አድክሞኛል። ሥራው ግዴታ ነበር፤ በቆሎ ስናርም የሠራነው ሰዓት ታስቦ ከትምህርት ቤት ክፍያችን ላይ ይቀነስልን ነበር።

የሚከብደው የቦታው ትንሽነት ነው። የተጣላችኋትን ልጅ ቁርስ ላይም፣ ማሳው ላይም፣ ጸሎት ላይም ታገኟታላችሁ፤ መሸሻ የለም። እኔ ከአንዲት ልጅ ጋር ተኳርፌ አንድ መንፈቅ ሙሉ ከአጠገቧ ተኝቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሌሊቱ ይጠይቁ። ዐሥረኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ሌሊት ወባ ጣለኝ። የማደሪያው ኃላፊ ግቢ ውስጥ አልነበረችም። አንዲት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፋኖስ ይዛ፣ በዝናቡ ጭቃ እየረገጠች፣ ነርሷን ከቤቷ ቀስቅሳ አመጣችልኝ። ለእሷ ምስጋናዬ አያልቅም፤ ያን ሸክም የ18 ዓመት ልጅ መሸከሟ ግን ዛሬም ያናድደኛል።

ስለዚህ በምዝገባ ቀን ሳይሆን በተራ ረቡዕ፣ አመሻሹ ላይ ይሂዱ። መኝታ ክፍሉን ገብተው ይዩ። ኃላፊዋ የት እንደምታድር፣ ነርሷ ምን ያህል እንደምትርቅ፣ ልጅዎ በማን ስልክ እንደምትደውልልዎ በስም ያስነግሩ። መልሱ ከተድበሰበሰ አይላኳት።

ከላኳት ደግሞ ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሳጥን ይግዙላት፤ በሶና ቆሎውን ግን ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ይስጧት። በመጀመሪያው ወር ጓደኛ የምታፈራው ያንን በማካፈል ነው።