መልስ፦ በከተማ አደባባይ ለመሰብሰብ ፈቃድ ብቻ ይበቃል?

በአደባባዩ ለመሰብሰብ ፈቃድ ካገኘን ሌላ ምን ይጠበቅብናል ብለው ለጠየቁት፦ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከፈቃዱ በኋላ ነው። የማዘጋጃ ቤት ደንቦች ከከተማ ከተማ ቢለያዩም፣ አብዛኛውን ጊዜ የቦታውን ንድፍ፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛትና የኃላፊውን ስም ይጠይቃሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ መጨናነቅ ያስቡ። በአንድ ካሬ ሜትር 4 ሰው ከቆመ ቦታው ሞልቷል ማለት ነው፤ ከ5 ካለፈ ሰው እግሩን ማዘዝ ያቅተውና ግፊቱ ወደ ወሰደው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሴኡል፣ ኢቴዎን በሚባለው ሰፈር ከ150 በላይ ሰዎች ያለቁት በአንዲት ጠባብ ቁልቁለት መንገድ ላይ ተጨናንቀው ነው፤ እሳትም አልተነሳ፣ ግንብም አልተደረመሰ። ስለዚህ መግቢያውና መውጫው ይለይ። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የተተወውን መንገድ የሚጠብቅ አንድ ሰው እዚያው ይቁም። በንድፉ ላይ ክፍት የነበረ መንገድ ቀኑ ሲደርስ ወንበር ተደርድሮበት መገኘቱ የተለመደ ነውና!

ጄኔሬተር ካለ ከሕዝቡ ይራቅ፣ ገመዱም ይሸፈን። ጽዳቱን ደግሞ ቀድመው ይዋዋሉ፤ መያዣ ገንዘብ ካስያዙ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በእሱ ሰበብ ነው።