ዓሣው ይታየኛል፣ መንጠቆዬን ግን አይነካም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በወንዝም በሐይቅም ትራውትና ሳልሞን ከፊትህ ሲዘሉ እያየህ አንዱም መንጠቆህን አልነካ ብሎህ፣ ማባበያ ስትቀያይር መክረምህን ነግረኸናል። ቀጥሎ የትኛውን ብትገዛ እንደሚሻልም ጠይቀሃል። የእኔ ምክር ማባበያ መግዛትህን እንድታቆም ነው፤ በሣጥንህ ያለው ይበቃሃል። ዓሣው የት ቆሟል? ለምን እዚያ ቆመ? በዚህ ሰዓትስ አፉን የመክፈት ፍላጎት አለው? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚወረወር ማባበያ ሁሉ በዘፈቀደ የተወረወረ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ዓሦች ለያቸው። ዘመዳሞች ናቸው፣ መልካቸውም ይቀራረባል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ወንዝ ውስጥ የሚኖር ትራውት ኑሮው ምግብ ፍለጋ ነው። ከባሕር የተመለሰ አትላንቲክ ሳልሞን ግን ወንዝ ከገባ በኋላ መብላት ያቆማል፤ ሆድቃው ይኮማተራል፤ እንቁላል እስኪጥል ድረስ የሚኖረው በባሕር ባከማቸው ስብ ነው። ትራውትን በምግብ ታታልለዋለህ። ለማይበላ ዓሣ ግን ምግብ ማስመሰል ብቻውን ምን ይረባዋል?

ከትራውት ልጀምር። ገንዘብ ማውጣትህ ካልቀረ ቴርሞሜትር ግዛ። የዓሣን ሰውነት የሚያሞቀውም የሚያቀዘቅዘውም ውሃው ነው። ውሃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ትራውት ደህና አድርጎ ይበላል፤ ከ5 በታች ሲወርድ ይደነዝዛል፤ ከ20 ሲያልፍ ደግሞ የምግቡን ነገር ትቶ አየር ወዳለበት ይሸሻል። በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ20 ዲግሪ ግን ከ9 ብዙም አያልፍም። ዓሣው በበኩሉ በሞቃት ውሃ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። ስለዚህ በሞቃት ወራት ጎህ ሳይቀድ ተነሥ፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነም ውሃው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ አረፋ የሚያወጣበትን ወይም ቀዝቃዛ ምንጭ የሚቀላቀልበትን ቦታ ፈልግ።

ትራውት ጉልበቱን በከንቱ አያባክንም። ፈጣኑ ውሃ ምግብ ያመጣለታል፣ ዝግተኛው ያሳርፈዋል፤ እሱ የሚቆመው ሁለቱ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው። ከትልቅ ድንጋይ ኋላ እንደሚቆም ሁሉም ያውቃል፤ ከድንጋዩ ፊት ለፊት፣ ውሃው ተመትቶ ወደ ኋላ በሚመለስበት ትንሽ ስፍራም እንደሚቆም ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። ውሃ የሸረሸረው የዳር ጥላ ደግሞ የትልልቆቹ መኖሪያ ነው። መስመሩ ካልታየህ አረፋውን በዓይንህ ተከተል፤ አረፋውን የሚወስደው ውሃ ምግቡንም ይወስዳል።

የሚበላውን ለማወቅ ደግሞ ከወንዙ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሥተህ ገልብጥ። ከሥሩ ሰውነታቸው የተለጠፈ፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ጅራት ያላቸው ትንንሽ እጮች ከብርሃኑ ሸሽተው ወደ ጥላው ሲሮጡ ታያለህ። ከድንጋዩ ላይ ደግሞ የአሸዋ ፍሬ በፍሬ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ ከጥፍር ብዙም የማይረዝም ቱቦ ተጣብቆ ታገኛለህ። ዝም ብለህ ብትጠብቅ ከቱቦው ጫፍ ጥቁር ጭንቅላት ብቅ ይላል፤ ጣትህን ስታቀርብ ተመልሶ ይገባል። ትራውት ከሚበላው አብዛኛው እንዲህ ያለው ከውሃ ሥር የሚገኝ ነገር ነው። ከሣጥንህ ሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት አስመስሎ መንጠቆ ላይ የታሰረ ማባበያ፣ ስትመርጥ መጀመሪያ በመጠን፣ ቀጥሎ በቅርጽ፣ በመጨረሻ በቀለም አመሳስለው። ድንጋዩንም እንደነበረ መልሰህ አስቀምጠው፤ የብዙ ፍጥረት ቤት ነውና።

«ይዘላል፣ ግን አይነካም» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። ዓሣው ውሃውን ሲከፍት ምኑ እንደታየህ አስተውል። አፍንጫው ከታየ ከውሃው ገጽ ላይ ነፍሳት እየለቀመ ነው፤ ተንሳፋፊ ዝንብ ስጠው። ጀርባውና የጅራቱ ጫፍ ብቻ ከታዩ ግን የሚበላው ከገጹ አንድ ስንዝር ባልሞላ ጥልቀት ውስጥ፣ ወደ ላይ እየወጡ ያሉትን ነው። ላዩ ላይ የምታንሳፍፈውን ቀኑን ሙሉ ቢያልፈው አይግረምህ። ትክክለኛው ዝንብ በትክክለኛው ቦታ ወርዶም እምቢ ካለህ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የክሩ ነው። ክሩን ፈጣኑ ውሃ ሲጎትተው ዝንቡ አብሮ ይጎተታል፤ እውነተኛ ነፍሳት እንደዚያ አይሄዱም። ዝንብህን በአጠገቡ ካለው አረፋ ጋር አወዳድረው፤ እኩል ካልሄዱ ወደ ዓሣው ቀረብ በል፣ ውርወራህን አሳጥር፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ክር እሰር።

ስትቀርብም ከታች ወደ ላይ ቅረብ፤ ዓሣ የሚቆመው ፊቱን ወደ ፈሳሹ መምጫ አዙሮ ነው። ከውሃ በላይ ያለውን ዓለም የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ በሚሰፋ ክብ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄድን ሰው ለማየት ይቸገራል። የእግርህን ኮቴ ግን በጎኑና በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር ይሰማዋል፤ በዳሩ ላይ ረጋ ብለህ ተራመድ።

ሐይቅ ላይ ፈሳሽ ስለሌለ ነፋሱን ተከተል። ነፋስ ነፍሳቱን እየገፋ ወደሚያከማችበት ዳርቻ መወርወር አድካሚ ነው፣ ዓሣው ግን እዚያ ነው። ጅረት የሚገባበት አፍና ጥልቀቱ በድንገት የሚጀምርበት ጠርዝም ሁልጊዜ ሊሞከሩ ይገባል። በጋው ሲበረታ የላይኛው ውሃ ሞቆ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚለይ፣ ቀን ላይ ዝቅ አድርገህ አጥምድ፤ ሲመሽ ወደ ዳር ይመጡልሃል።

የሳልሞን ነገር ለየት ይላል። አትላንቲክ ሳልሞን በወንዝ ተወልዶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት እዚያ ቆይቶ ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የተወለደበትን ጅረት የሚለየው ሽታውን አሽትቶ ነው፤ ይህን ሐሳብ ያስፋፉት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው አርተር ሃስለርና ባልደረባው ዋረን ዊዝቢ እ.ኤ.አ. በ1951 የምርምራቸውን ውጤት አውጥተዋል። ለአጥማጅ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን ሳልሞን መንገደኛ መሆኑ ነው። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሲሞላ ጉዞውን ይቀጥላል፤ ውሃው ሲያንስ ገንዳ በመሰለ ጥልቅ ቦታ ያርፋል። ወንዙ እየሞላ፣ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ እየተሸከመ ሲመጣ ዘንግህን አስቀምጥ። መጉደል ጀምሮ፣ ጥራቱ ወደ ሻይ ቀለም ሲመለስ ግን ሥራህን ትተህም ቢሆን ሂድ! ያን ጊዜ አዲስ የገቡት ዓሦች እየቆሙ ያርፋሉ፤ የሚነክሱትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። አዲስ ገቢ እንደ ብር ያበራል፤ አንዳንዴም ከጅራቱ አጠገብ የባሕር ቅማል ተጣብቆበት ይገኛል። ቅማሉ ጨው በሌለው ውሃ ብዙ ስለማይቆይ፣ ዓሣው በቅርቡ ከባሕር ለመምጣቱ ምስክር ነው።

ከገንዳው ራስ ጀምረህ ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብለህ ወርውር። ዝንቡ ፈሳሹን እያቋረጠ ወደ አንተ ዳር ይዙር፤ ከዚያ አንድ ሁለት እርምጃ ወርደህ ድገም። ደጋግሞ እየዘለለ ያስጎመጀህን ሳልሞን ተወው፤ በእኔ ልምድ የሚዘለው ከሚነክሰው ይለያል። ዝንቡን ተከትሎ መጥቶ ከተመለሰ ግን ተስፋ አለው፤ ጥቂት አሳርፈው፣ ከዚያ አነስ ባለ ዝንብ ሞክረው። ሲነክስም እጅህን ሰብስብ። ትራውት ላይ ዘንግህን ፈጥነህ ታነሣለህ፤ ሳልሞን ግን ዝንቡን ይዞ ዞር እስኪል መጠበቅ አለብህ። በመጀመሪያ ክሩ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ይከብዳል፣ ከዚያ ማጠንጠኛው መዞር ይጀምራል። ዘንግህን የምታነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሳብከው ከአፉ ታወጣበታለህ።

ስለ ፈቃድ አጭር ልበል፤ የትም ብትሄድ የውሃውን ደንብ አስቀድመህ ጠይቅ፤ የተያዘ ሳልሞን ሁሉ ተመልሶ የሚለቀቅባቸው ወንዞች ብዙ ናቸው። ስትለቅ እጅህን አርጥብ፣ ከውሃ ሳታወጣ መንጠቆውን ንቀል፣ በራሱ ጉልበት እስኪሄድ ፊቱን ወደ ፈሳሹ አዙረህ ደግፈው። ውሃው ከ20 ዲግሪ ካለፈ የተለቀቀው ዓሣ ሊሞት ስለሚችል ያን ቀን ማጥመዱ ይቅር። ቡናማ ትራውትና አትላንቲክ ሳልሞን በቅዝቃዜው ወራት መግቢያ ጠጠር ቆፍረው እንቁላል ይቀብራሉ፤ ከአካባቢው ነጣ ያለ ጠጠር ስታይ አትርገጠው።

ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ስትሻገር ጫማህንና መረብህን አጥበህ በደንብ አድርቅ። ጋይሮዳክቲለስ ሳላሪስ የተባለች በዓይን ለማየት የምታስቸግር ጥገኛ ትል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኖርዌይ ገብታ በብዙ ወንዞች የሳልሞኑን ዘር ክፉኛ አመናምናለች፤ እሷን ለማጥፋት ሲባል ሮተኖን በተባለ ኬሚካል የወንዙን ዓሣ በሙሉ እስከ መግደል ተደርሷል። እርጥብ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ጥፋት ሊያዛምት ይችላል።

ስትመለስ የውሃውን ሙቀት፣ ወንዙ እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆኑን፣ የዘለለው ዓሣ ምኑ እንደታየህና ከድንጋዩ ሥር ያገኘኸውን ጻፍልን። ስለ መንጠቆ ቁጥርና ስለ ክር ውፍረት ያን ጊዜ በዝርዝር እንነጋገራለን።