ጠፈርተኞቹን ተያቸው፣ አያትሽን ላኪልኝ

«ጋሼ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም እንደ ታላቅ ወንድም ሳልሸፋፍን ልመልስልሽ።

ለሌሎቻችሁ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠያቂያችን የመንዝ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ላይ አካውንቲንግ ትማራለች፣ ሦስተኛ ዓመት። ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልኳ ላይ ትሥላለች። ሠላሳ አራት ሥዕሎች ልካልኛለች። አብሮ ለሥራ ማመልከቻ ብላ ያዘጋጀችው «ስለ እኔ» የሚል ጽሑፍ አለ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ለቪዲዮ ጌም፣ ለሳይንስ ፊክሽንና ለተከታታይ ፊልም ልዩ ፍቅር ያለኝ ሠዓሊ ነኝ።» ጥያቄዋ ሦስት ነው። ይሄ ፍቅሬ እንጀራ ይሆናል ወይ? አካውንቲንጉን ልተወው ወይ? አባቴንስ ምን ልበላቸው?

ከዓረፍተ ነገሯ እንነሳ። እህቴ፣ ይሄንን በዓለም ላይ ያለ ወጣት ሠዓሊ ሁሉ ይጽፈዋል። ውሸት አይደለም። ችግሩ ሁሉም ላይ እውነት መሆኑ ነው። ምግብ ቤት ለመቀጠር የሄደ ሰው «ዶሮ ወጥ በጣም እወዳለሁ» ቢል ባለቤቷ ምን የምትለው ይመስልሻል? «ማን ይጠላል? መሥራትስ ትችላለህ?» ነው የምትለው። ስለዚህ ያንን ዓረፍተ ነገር ሰርዢው። ፍቅሩን አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩን።

አሁን ወደ ሥዕሎቹ። ሃያ ስድስቱ የራስ ቁር ያጠለቁ የጠፈር ወታደሮች፣ መንኮራኩሮችና ሁላችንም የምናውቃቸው የጌም ጀግኖች ናቸው። እጅሽ ጥሩ ነው፣ ብረቱ ብረት ይመስላል፣ ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ ይታወቃል። ግን ስምሽን ከሥሩ ባጠፋው የማን ሥራ እንደሆነ የሚለይ ሰው አይኖርም። አሁን ደግሞ እንደዚህ ዓይነቱን ወታደር ኮምፒውተር በደቂቃ ያወጣዋል፣ ያውም ሳይደክመው።

ከዚያ ሠላሳ አንደኛው ላይ ደረስኩ። አያትሽ ሱፍ ሲፈትሉ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። እንዝርቷ ስትሾር የተያዘች ትመስላለች፣ ጣቶቻቸው ቋጠሮ ቋጠሮ ናቸው፣ የለበሱት ባና ደግሞ ክብደቱ ከወረቀቱ ላይ ይሰማል። ከሥሩ ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ይቅርታ ጋሼ፣ ይሄኛው በስህተት ገብቶ ነው።» ከሠላሳ አራቱ መልሼ መልሼ ያየሁት እሱን ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ስታር ዋርስን እንደምትወጂ ጽፈሻል። የዚያን ፊልም ዓለም መጀመሪያ በሥዕል ያሳየው ራልፍ ማክኳሪ ይባላል። ሰውዬው ከዚያ በፊት ቦይንግ ውስጥ የቴክኒክ ሥዕል ሠሪ ነበር። የአውሮፕላን ክፍል ሲሥል የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። በ1975 እ.ኤ.አ. የፊልሙ ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ሲጠራው ይዞ የመጣው ያንን ዓይኑን ነበር፣ የብረት መገጣጠሚያ፣ ቡሎን፣ ቧንቧ የሚያውቅ ዓይን። የዚያን የፊልሙን ክፉ ሰው፣ የዳርዝ ቬደርን ጭምብል ታውቂዋለሽ መቼም። ማክኳሪ ያንን ያመጣው ለማስፈራራት ብሎ ብቻ አይደለም። ስክሪፕቱ ላይ ሰውዬው ከአንድ መንኮራኩር ወደ ሌላው በባዶ ጠፈር መሻገር ነበረበት። «ታዲያ በምን ይተነፍሳል?» ብሎ ጠየቀ። ጭምብሉ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። አንቺ ከጭምብሉ ነው የጀመርሽው፣ እሱ ግን ከጥያቄው። በናንተ መሐል ያለው ልዩነት ይሄ ብቻ ነው ብልሽ ማጋነን ይሆናል፣ ዋናው ግን ይሄ ነው።

ጌም ላይም ያው ነው። ማሪዮ ጢሙን ያሳደገው አምሮበት እንዳይመስልሽ። በ1981 እ.ኤ.አ. ሽገሩ ሚያሞቶ ዶንኪ ኮንግ የሚባለውን ጌም ሲሠራ ለገጸ ባሕሪው የነበረው ቦታ ጥቂት ፒክስል፣ ማለት ጥቂት የስክሪን ነጥብ ነበር። በዚያች ቦታ አፍ መሣል አይቻልም፣ ስለዚህ ጢም አደረገለት። ፀጉር ሲንቀሳቀስ ማሳየት አስቸጋሪ ነው፣ ስለዚህ ቆብ። እጁ ሲወዛወዝ ከሰውነቱ እንዲለይ ቱታ አለበሰው። ከችግር የወጣ መልክ ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። አንቺም ስልክ ላይ በጣትሽ እየሣልሽ «ታብሌት ስለሌለኝ ነው» ማለትሽን እዚህ ላይ ብታቆሚው ደስ ይለኛል። ታብሌት ጥሩ ነው፣ ሲገኝ ይገዛል። ኮምፒውተር ስታገኚ ደግሞ ክሪታና ብሌንደር በነፃ የሚወርዱ ናቸው፣ ሰው እንጀራ የሚበላባቸው የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ናቸው።

እና ያንቺ «ቦይንግ» የት ነው? እኔ ልንገርሽ፣ ተወልደሽበታል። ለዕረፍት ወደ ቤት ስትሄጂ ጣርማ በር ላይ ትገነጠያለሽ አይደል? ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ እዚያው አጠገብሽ ነው፣ ምናልባት አንድም ቀን አላለፍሽበትም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ወርደሽ እለፊው። በደብረ ብርሃን በኩል ጉምና ብርድ፣ ዓይን የማያሳይ ጭጋግ። በዚያኛው አፍ ስትወጪ ደብረ ሲና ቁልቁል ተዘርግቶ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ሰው ካፖርቱን እያወለቀ። የሳይንስ ፊክሽን ደራሲዎች ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው የሚያሻግር በር ለመፍጠር ስንት ገጽ ይጽፋሉ፣ እኛ ሚኒባስ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ሆነን ነው የምናልፈው።

ጓሳን ደግሞ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጅብራው ጉም ውስጥ ሰው መስሎ የሚቆምበት፣ ጭላዳው በመንጋ የሚግጥበት፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያደባበት ቦታ ነው። ከዚያም በላይ ሕግ ያለው ቦታ ነው። የአካባቢው ሰው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍቶ የሚያጭድበት ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው፣ ይሄ ደግሞ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የመጣ ነው። እስቲ አስቢው፣ ሣር እንደ ወርቅ የሚጠበቅበት ዓለም። ጠባቂዎቹ ምን ይለብሳሉ? ሌባ ቢመጣ በምን ምልክት ይጠራራሉ? የአያትሽ ባና በዚያ ዓለም ከምን ይሠራ ነበር? አየሽ፣ መንኮራኩር ሳይኖር ሳይንስ ፊክሽን ሆነ።

አትሳሳቺ ታዲያ፣ «ባህላችንን እናስተዋውቅ» እያልኩሽ አይደለም። ጀበናና ሞሰብ ጠፈርተኛ አጠገብ መለጠፍ አይደለም፣ እሱን ብዙ ሰው ሠርቶታል፣ እኔንም ሰልችቶኛል። የምልሽ የምታውቂውን ነገር አሠራሩን ሣዪ ነው። በርኖስ ዝናብ እንዴት እንደሚያንሸራትት፣ ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ነገር ከኋላ ስትታይ ምን እንደምትመስል የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ቶኪዮ ያለው ሠዓሊ አይደለም።

ወደ ተግባሩ። ከአሁን ጀምሮ ፊልም የምታዪው እንደ ተመልካች ብቻ አይሁን። ከምትወጂው ተከታታይ ፊልም ሁለት ደቂቃ ምረጪ፣ ድምፁን አጥፊው፣ ካሜራው በተቀየረ ቁጥር አቁሚና በትንሽ ሳጥን ውስጥ ንድፉን ጫሪው። ሰውየው ከየት በኩል ገባ? ካሜራው መቼ ተጠጋ? ሃያ ሠላሳ ሳጥን ሲሞላልሽ ስቶሪቦርድ የሚሉት ሥራ ምን እንደሆነ እጅሽ ይገባዋል። ጌም ስትጫወቺ ደግሞ የሚከፈተውን በር ከማይከፈተው በምን እንደለየሽው ጠይቂ። በቀለም? በብርሃን? ሠዓሊ አስቦበት ነው፣ በአጋጣሚ አይደለም። የራስሽን ሥዕል ደግሞ ስልክሽ ላይ የአውራ ጣትሽን ጥፍር እስኪያክል አሳንሺው። ማን እንደሆነና ምን እያደረገ እንደሆነ ካልታየ ዝርዝር አትጨምሪበት፣ ቅርፁን ቀይሪው።

ፖርትፎሊዮሽ፣ ለቀጣሪ የምታሳዪው የሥራ ስብስብ፣ ደግሞ ሠላሳ አራት አያስፈልገውም፣ አሥራ ሁለት ይበቃል። ሁሉም ከአንድ ዓለም ይውጡ፣ ከዋሻው በሉት ከጓሳ። ሁለት ገጸ ባሕሪ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የያዙት ዕቃ ለብቻው። ሦስት ቦታ። ስድስት ሳጥን ያለው አጭር ታሪክ። ከሥር አንድ አንድ መስመር ማብራሪያ፣ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ» የሚል። የሚቀጥርሽ ሰው ሊያይ የሚፈልገው አስባበታለች ወይ የሚለውን ነው።

የታዋቂ ገጸ ባሕሪዎች ሥዕል ለዶርም ልጆች በፖስተር እንደምትሸጪም ነግረሽኛል። ለልምምድ ሣያቸው፣ ማንም አይከለክልሽም። መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው። አገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ያወጣችው በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ቁጥሩ 410። ነገ ያንቺን ገጸ ባሕሪ ሰው ቲሸርት ላይ ሲያትምብሽ የምትይዢው እሱን ነውና ከአሁኑ ተለማመጂው።

ሥራው የት አለ? ሳልዋሽሽ፣ «ኮንሰፕት አርቲስት ይፈለጋል» የሚል፣ የጌምና የፊልም ዓለም ቀድሞ የሚሥል ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ ደብረ ብርሃን ላይ ተለጥፎ አታገኚም፣ አዲስ አበባም ቢሆን እምብዛም ነው። ነገር ግን መንገዱ ባዶ አይደለም። ቅኔ ጌምስ የሚባለው ድርጅት ኩኩሉ የሚባለውን ጌም ሠርቷል፣ ከገበሬው የምታመልጠዋን ዶሮ። «ጀምበር» የሚል የጀግና ኮሚክ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጥቷል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም በልጅነትሽ ሳታዪ አልቀረሽም። እነዚህን ሁሉ የሣላቸው፣ የቀረጻቸው ሰው አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ዋናው እንጀራ ያለው የልጆች መጽሐፍ፣ የማስታወቂያ ድርጅት፣ የዩቲዩብ የልጆች ቻናል፣ የድርጅቶች አጭር አኒሜሽን ላይ ነው። የእጅ መታጠቢያ ፖስተር ሣዪ ቢሉሽ አትናቂ። ማክኳሪም የአውሮፕላን ክፍል ነው የሣለው።

ብቻ ያለ ውል አትሥሪ። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ልጅን ከአንድ አሳታሚ ጋር አገናኘሁ፣ በቃል ተስማሙ። መጽሐፉ ሦስት ጊዜ ታተመ። ልጁ የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ጥፋቱ የኔም ነው፣ «ሰዎቹ ጥሩ ናቸው» ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ ስንት ሥዕል፣ ስንት ጊዜ እርማት፣ ስንት ብር፣ መቼ፣ በድጋሚ ቢታተምስ።

አካውንቲንጉን አትተዪው። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። አንድ ዓመት ከምናምን ቀርቶሻል፣ ተፈተኚና ኤግዚት ኤግዛሙን እለፊ። ያገራችን ሰው አፈወርቅ ተክሌ፣ አንኮበር የተወለዱት፣ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፣ በኋላ ነው ወደ ሥዕል የዞሩት። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን በመስታወት ሥዕል ያስጌጡት እሳቸው ናቸው። ይሄንን ሰምተሽ ነገ ክላስ እንዳትቀሪ። እሳቸውን ቤተ መንግሥት ይደግፋቸው ነበር፣ አንቺን የሚደግፉሽ አባትሽ ናቸው። ደግሞ የሥራውን ዋጋ አስልቶ፣ ቲን አውጥቶ፣ ደረሰኝ ቆርጦ የሚሰጥ ሠዓሊ በዚህ አገር በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ከተመረቅሽ በኋላ ልቤ አላርፍ አለ ካልሽ የአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ አለ፣ የመግቢያ ፈተናው በእጅ የሚሣል ነው። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

አባትሽ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ካሉ አትከራከሪያቸው። ስለ ጌምም አታስረጂ፣ ቁማር ነው የሚመስላቸው። የአጥቢያችሁን ቤተ ክርስቲያን የሣለው ሰው በስንት ተዋውሎ እንደሠራ ጠይቂያቸው ብቻ። ያውቁታል፣ ምናልባትም ያዋጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዝም በይ። የመጀመሪያዋን የሥዕል ገንዘብ ስታገኚ ስኳርና ቡና ገዝተሽ ግቢ።

አዲሱ «ስለ እኔ» እንዲህ ቢጀምር ምን ይልሻል፦ «መንዝ ተወልጄ አድጌያለሁ። ብርድ፣ ሱፍና ጉም ባለበት ዓለም የሚኖሩ ገጸ ባሕሪዎችን እሥላለሁ፤ የሚለብሱትንና የሚይዙትን ከነአሠራሩ።» ጌም መውደድሽን ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ቃላቱን እንደፈለግሽ አስተካክይው፣ እኔ ደራሲ አይደለሁም።

አሥራ ሁለቱን ለፋሲካ አድርሺልኝ። አይደርስም ካልሽ አራቱን። ያቺን የአያትሽን ሥዕል ግን አጥፈሽ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺያት፣ የደረሰኝ ወረቀት ቶሎ ይበላሻል። በደንብ ፎቶ አንሺያት፣ ካርቶን ላይ አድርገሽ አስቀምጫት፣ ጀርባዋ ላይ ቀኑንና የእማሆይን ስም ጻፊበት።